ከወፍጮው ሥር የተገኘ ስንኝ፦ ስለ ቤት፣ ስለ መስክና ስለ ግጥም

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ «ተፈጥሮ፣ ቤተሰብና የዕለት ኑሮ በግጥም» ይላል። በዚህ ርእስ ላይ በንድፈ ሐሳብ መናገር ይቻል ነበር። እኔ ግን አንድ ተማሪዬ ከጠየቀኝ ጥያቄ ልነሣ እወዳለሁ። ተማሪው ለግጥም አጻጻፍ ትምህርት ስምንት ግጥሞችን አቀረበልኝ። በአምስቱ ውስጥ የባሕር ማዕበል ይናወጣል፤ በሁለቱ በረዶ እንደ ጥጥ ይዘንባል። ልጁ የተወለደው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ ባሕርም በረዷማ ክረምትም አይቶ አያውቅም። ስለ ምን ስለ ሰፈሩ እንዳልጻፈ ስጠይቀው፣ «እኛ ሰፈርማ ምን አለ፣ መምህር?» አለኝ።

አልሳቅሁበትም። በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ይህንኑ እል ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ስለ ሰፈሬ ጻፍሁ፣ የጻፍሁት ግን ሐሰት ነበር። የዛሬው ንግግሬ የሁለቱ ስሕተቶች ታሪክ ነው።

የተወለድሁት በአማኑኤል አቅራቢያ ነው። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት አልፋችኋል። እኛ ግን አውቶቡሱን ከውጭ ነበር የምናየው። በስተሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ አለ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለዓባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች ከዚያ ይመነጫሉ። አባቴ ማለዳ ከደጅ ቆሞ ወደ ጮቄ ይመለከት ነበር። እኔ የመልክዓ ምድሩ ውበት የሚማርከው ይመስለኝ ነበር። እርሱ ግን ጉሙ ምን ያህል እንደ ወረደ እየመዘነ፣ ጤፉን ዛሬ ይዝራ ወይስ ይቆይ እያለ ነበር። ገጣሚ «ተፈጥሮ» ብሎ የሚጠራው ነገር ለገበሬ የዕለት ውሳኔ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ስለ ተራራ የሚጽፍ ሰው ፖስትካርድ ይጽፋል።

እንግዲህ «እኛ ሰፈር ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ አገሩ ራሱ የሰጠው አንድ ጥንታዊ መልስ አለ። መልሱ የቅኔ ቤት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዋሸራና ጎንጅ በየራሳቸው የቅኔ ስልት ይታወቃሉ። በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ በእኛ በኩል ደግሞ ደብረ ኤልያስ። ሆኖም ስለ ቅኔ ቤት ስንናገር ብዙ ጊዜ ስለ ምሥጢሩ ጥልቀት እንጂ ስለ አሠራሩ አንናገርም። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚጠቅመን አሠራሩ ነው።

የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከተማረ በኋላ ቅኔ «ይቆጥራል»። ቆጠራ ማለት ተማሪው ብቻውን ወደ መስክ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ሄዶ፣ ወረቀትና ብዕር ሳይዝ፣ የራሱን ቅኔ በልቡ መድረስ ማለት ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ያድጋል። የቆጠረውን ይዞ ወደ የኔታ ይመጣል፤ ይነግራል፤ ይታረማል። ሰሙ ለወርቁ ካልተስማማ፣ ቃሉ ከተሰበረ፣ ወይም የሌላ ሰው ቅኔ ከሆነ፣ የኔታ ይመልሱታል፤ ተማሪውም ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል።

እስቲ ልብ በሉ፤ ተማሪው ለምን ወደ መስክ ይሄዳል? ጸጥታ ፈልጎ ብቻ አይደለም። ሰም ያስፈልገዋል። ወርቁ፣ ማለትም ምሥጢሩ፣ ከመጽሐፍና ከትርጓሜ ይመጣል። ሰሙ ግን ከዓይን ይመጣል። ለምሳሌ ተማሪው ስለ ትንሣኤ ሊቀኝ ቢፈልግ፣ አፈር ለብሳ ስለምትከርም የስንዴ ቅንጣት ሊያስብ ይችላል። ያን ጊዜ ስንዴ በስንት ቀን እንደሚበቅል፣ ሲበቅል ምን እንደሚመስል፣ ምን ቢያገኘው እንደሚጠፋ ማወቅ አለበት። በስንዴው ከተሳሳተ በትንሣኤውም ተሳሳተ። ሰሙ ሐሰት ከሆነ ወርቁን የሚይዝለት ቅርጽ የለም። ቅርጹን በሰም ሠርቶ ወርቁን የሚያፈስሰው አንጥረኛ ይህን ከሁላችን ይልቅ ያውቃል።

ስለዚህ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ተማሪ የሚለምነው እንጀራ ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ። በየደጁ ሲቆም የሰው ኑሮ ያያል። የማን ቤት ምሰሶ እንደ ዘመመ፣ የማን ሌማት እንደ ጎደለ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ ያውቃል። ይህ ሁሉ አንድ ቀን ሰም ይሆንለታል።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡትን ሰዎች እዩ። ደብረ ኤልያስ የተወለዱት ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወርደው የአማርኛ ተውኔት ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዲማንና ማንኩሳን ለመላው አንባቢ አገር አደረጓቸው። ያ መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው፤ ግጥም አይደለም። ነገር ግን የቅኔ ተማሪን ኑሮ፣ የገበሬን ቤትና የመሳፍንትን አዳራሽ ያየው ዓይን በቆጠራ የሠለጠነ ዓይን ነው። ከዚያችው ከማንኩሳ በኋላ ደግሞ በእውቀቱ ስዩም ወጣ። እንግዲህ «እኛ ሰፈር ምን አለ?» ለሚለው ተማሪ፣ «ከአንተ በፊት በዚያው መንገድ ያለፉት ሰዎች ያዩት አለ» ብዬ ልመልስለት እችል ነበር።

ነገር ግን ይህ መልስ ግማሽ ነው። የቅኔ ቤት ባብዛኛው የወንዶች ቤት ነበር። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ የግጥም ቤት ነበረ፤ የኔታ የሌለው፣ ስም ያልወጣለት። እርሱም የእናቶቻችን ቤት ነው። ሕፃን ሲያባብሉ እሹሩሩ፣ ወተት ሲንጡ ዜማ፣ ሰው ሲሞት ሙሾ፣ ሌሊት እህል ሲፈጩ እንጉርጉሮ። እኔ ከቅኔ ቤት ይልቅ የዚህ ቤት ተማሪ ነኝ። ሁለተኛውን ስሕተቴንም የሠራሁት እዚህ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ እናቴ ወፍጮ ግጥም ጻፍሁ። በተማሪዎች የግጥም ምሽት ላይ አነበብሁት፤ ብርቱ ጭብጨባ አገኘሁ። መግቢያው እንዲህ ነበር፤ ለማፈር ያህል ላንብብላችሁ፦

የእናቴ ወፍጮ ድምፅህ እንዴት ያምራል፣
ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ለልቤ ይዘምራል።

በዚያ ክረምት አገር ቤት ስገባ፣ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ጥጥ እየፈተለች ሳለ፣ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ ጆሮ የሠለጠነ ነው። ስጨርስ እንዝርቷን አስቀምጣ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «ወፍጮው እንዲህ ደስ ይልህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያስ ተመስገን። እኔ እኮ ሌሊት የምነሣው ለእኅትህ ላለቅስ ነበር። ቀን ሥራ አለ፤ ሰው አለ፤ አባትህም ያዝናል። መጁ ሲጮህ ማን ይሰማኛል ብዬ ነው።»

እኅቴ በሦስት ዓመቷ ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። መሞቷን አውቃለሁ፤ ቀብሯንም በጭላንጭል አስታውሳለሁ። ነገር ግን ያንን ሞትና የወፍጮውን ድምፅ አንድም ቀን አገናኝቼያቸው አላውቅም። እርሷ አልቅሳ የፈጨችውን እንጀራ እየበላሁ አደግሁ፤ ልቅሶዋንም ዜማ ብዬ አሞገስሁት፤ ተጨበጨበልኝም።

ያ ቀን ለእኔ የግጥም ትምህርት መጀመሪያ ሆነ። ግጥሙ ምን እንደ ጎደለው ለመረዳት ግን ዓመታት ወሰደብኝ። ዛሬ ለተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ በሦስት ነጥብ ልከፍለው።

አንደኛው ጉዳይ ቃል ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ «ያምራል» አልሁ። «ያምራል» የሚለው ቃል ስለ ወፍጮው አንዳች አይናገርም፤ ስለ እኔ ስሜት ብቻ ይናገራል። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ሰማዩ ሲያለቅስ «ዝናብ ዘነበ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ የገበሬ ልጅ ግን ካፊያን ከዶፍ፣ ዶፍን ከውሽንፍር ይለያል። ካፊያ ከብት ያስጠብቃል፤ ዶፍ ወደ ቤት ያስሮጣል፤ ውሽንፍር ደግሞ ቤት ውስጥ ተከትሎ ይገባል። ውርጭ ሌላ ነው፤ በአንድ ሌሊት የዓመት ልፋት ይበላል። እርሻው ራሱ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ ነው። ጤፉ ቡቃያ ነው፣ ነዶ ነው፣ ክምር ነው፣ በአውድማ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ቃላት ጌጥ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በውስጡ አንድ ሥራ፣ አንድ ድካም፣ አንድ ወቅት ይዟል። ትክክለኛውን ስም የሚያውቅ ገጣሚ ቅጽል ፍለጋ አይደክምም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤት መምታት ነው። እንደምታውቁት በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ የመጨረሻ ፊደል ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ደግሞ የሚያርፈው በግስ ላይ ነው። የሁለቱ መገጣጠም ለጀማሪ ገጣሚ ታላቅ ወጥመድ ነው፤ የግሱ እርባታ ራሱ ቤቱን በነጻ ይመታለታልና። «ያምራል» ብሎ «ይዘምራል» ለማለት ምንም ሐሳብ አይጠይቅም። ቤቱ ሲመታ ግን ሐሳቡም የተሟላ ይመስላል። በእኔ ግጥም ወፍጮው «የዘመረው» ስለ ዘመረ አይደለም፤ ከፊቱ «ያምራል» ስላለ ነው። ይኸውም ስለ እናቴ የተናገርሁትን ውሸት የመረጠልኝ እርባታው ነው ማለት ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ግጥሙን እንደ ገና ስጽፈው የስንኙን ልክ አልለወጥሁም፤ ያው ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ነው፤ እንጉርጉሮው ራሱ በዚያ ልክ ይሄድ ነበርና። የለወጥሁት ማረፊያውን ነው። ግሶቹን ወደ ውስጥ አስገብቼ ስንኞቹን በስም ላይ አሳረፍኋቸው፦

ማን ሰማት ስታለቅስ መጁ ሲጮህ ሌሊት፤
ማለዳ የታየው ወንፊት ሙሉ ዱቄት።

ታላቅ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን ሐሰት የለበትም። ሌሊቱ ሌሊት ነው፤ ዱቄቱም ዱቄት ነው። በሁለቱ መካከል የሆነውን አንባቢው ይሙላው።

ሦስተኛውና ከባዱ ጉዳይ የቤተሰብ ነገር የማን ነው የሚለው ነው። ስለ ዛፍ ስጽፍ ዛፉ አይከሰኝም። ስለ እናቴ ስጽፍ ግን የራሴ ያልሆነ ኀዘን በእጄ ይገባል። በዚህ ላይ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ዎርድስዎርዝ በሐይቅ ዳር ስላያቸው ቢጫ አበቦች የጻፈው ግጥም በዓለም ላይ ከታወቁት የተፈጥሮ ግጥሞች አንዱ ነው። በግጥሙ ውስጥ ተናጋሪው ብቻውን ነው። በእውነቱ ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1802 አበቦቹን ሲያይ እኅቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች፤ ያየችውንም በዕለት ማስታወሻዋ በጥንቃቄ መዝግባዋለች። ግጥሙ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። ገጣሚው ራሱ ከግጥሙ ሁለት ምርጥ ስንኞች የሚስቱ የሜሪ መሆናቸውን ተናግሯል። እንግዲህ ያ «ብቸኛ» ሰው በሁለት ሴቶች መካከል ነበር። ብቸኝነቱ ለግጥሙ አስፈልጎት ይሆናል፤ አልወቅሰውም። እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ቁጥር ወፍጮውን አስታውሳለሁ።

ከእኛው አገር ደግሞ ሌላ አርኣያ አለ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ መጽሐፉን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» አሉት። የትዝታው ባለቤት በርእሱ ላይ ተቀምጧል። ልጁ የታወቀ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ ሳለ፣ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የመረጠው ሥራ አባቱን ማድመጥና ቃሉን መጠበቅ ነበር። ለእኔ ይህ ከብዙ ግጥም የሚበልጥ ትሕትና ነው።

አሁን ደግሞ ሰፈሩ እንደ ቀድሞው አለመሆኑን ልናገር ይገባኛል፤ ያለዚያ እኔም በሌላ መንገድ ፖስትካርድ ልጽፍ ነው። በመንደራችን ዛሬ የሌሊት ወፍጮ አይሰማም። እህሉ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በሞተር ይፈጫል። አንድ ጊዜ ለጥናት አገር ቤት ሄጄ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮ እየጠፋ መሆኑንና ጉዳቱ ታላቅ መሆኑን ለእናቴ በኀዘን አስረዳኋት። አድምጣ ጨረሰችና፣ «ታዲያ አንተ ፍጭ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጠፋው እንጉርጉሮ ስናገር እጠነቀቃለሁ። እንጉርጉሮዎቹ ይሰብሰቡ፣ ይቀዱ፣ ይጠኑ እላለሁ፤ ይህ የፋኩልቲያችን ግዴታ ነው፤ ለሚያውቋቸው እናቶችም ጊዜ የለም። ግጥሙ እንዲኖር ግን ድካሙ ይመለስ ማለት አልችልም። የእናቴን ዕረፍት በግጥም መድበል አልለውጠውም።

የባሕር ዛፍም ነገር እንዲሁ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የጎጃምን ኮረብታ ሁሉ ለብሷል። ውኃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም እየተባለ ይረገማል፤ እኔም በወጣትነቴ የረገምሁበት ግጥም ነበረኝ። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተጫማሁት ጫማ፣ የያዝሁት ሻንጣና የአውቶቡስ ገንዘቤ የተገኙት አባቴ ከጓሮው ቆርጦ ከሸጠው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ያን ዛፍ የሚረግመውን ግጥም የጻፍሁት በዛፉ ገንዘብ ተምሬ ነው። እርግማኑ ስሕተት ነው አልልም፤ ጫማው የሌለበት እርግማን ግን ጎዶሎ ነው። ከአካባቢው የሚነሣ ግጥም ውስብስብነቱን ሲሸሽ ይሞታል።

በ2012 ዓ.ም. ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት የአማርኛ ግጥሞችን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በአንድ መድበል አሳተሙ። የመድበሉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከዛፎች የምንማራቸው ዜማዎች» እንደ ማለት ነው። ርእሱን ስሰማ ደስ አለኝ፤ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ የሚቆጥረውን ተማሪም አሰብሁ። የዓለም አንባቢ እኛን ሲፈልግ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ያላየነውን ባሕርና በረዶማ ከእኛ የተሻለ የሚጽፉ ባለቤቶች አሉት።

ውድ ተማሪዎች፤ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ሦስት ነገር አድርጉ ብዬ አደራ እላለሁ። በመጀመሪያ፣ በቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ አንድ ድምፅ ምረጡ፤ የወንፊት ይሁን፣ የበር ማጠፊያ ይሁን፣ የአባታችሁ ሳል ይሁን። ሁለተኛ፣ ስለዚያ ድምፅ ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፤ መልሱ ከጠበቃችሁት የተለየ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የጻፋችሁትን ለጋዜጣ ወይም ለመድረክ ከመስጠታችሁ በፊት ለዚያ ሰው አንብቡለት። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለየኔታ ሳይነግር ወደ ማኅሌት አይወጣም፤ የእኛም የኔታ ቤታችን ውስጥ አለ።

እኔም ያንኑ አደረግሁ። የታረመውን ግጥም ይዤ ተመለስሁና ለእናቴ አነበብሁላት። ይህን ጊዜ እንዝርቷን አላቆመችም። «እንዲህ ነው እንጂ» አለች። ቆይታም፣ «ስሟን ግን አትጻፍ። ስሟ የእኔ ነው» አለችኝ።

በግጥሙ ውስጥ የእኅቴ ስም የለም። በዚህ ንግግርም ውስጥ አላነሣሁትም።